ከላይ አራተኛው

ሆሳዕና ውስጥ ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለናስረዲን ነው። ናስረዲን የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያለው፣ እጁም አፉም የማይሰንፍ የጉራጌ ልጅ ነው። ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ግን እሱ ራሱ ስልኩን አንሥቶ ለገነቴ ይደውላል። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷው ዘንድ ነው የሚያርፈው። ገነቴም አትኮራበትም። «ምን አደረግኸው?» ብላ ትጠይቃለች፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ትሰማለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትናገረው። በዚህ ከተማ የሰው መልስ እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው ብርቅ ነው።

ትውልዷ ከምባታ፣ ዳምቦያ ነው። አባቷ አስተማሪ ስለነበሩ ሴት ልጅ ትምህርት በዛባት የሚባለውን ወሬ አይሰሙም ነበር፤ እሷም ቴክኒክና ሙያ ገብታ አይቲ ተማረች። እዚያው ሳለች ፍሬው ከሚባል የሶሮ ወረዳ፣ የጊምቢቹ ልጅ ጋር ተዋወቀች፤ ፍሬው ዛሬ ሆሳዕና ፊዚክስ ያስተምራል። ሲጋቡ እሷ ሀዲይኛ በቅጡ አትችልም፣ የእሱ እናት ከምባትኛ አያውቁም። በአማርኛ ጀመሩና ውለው አድረው በሦስቱም ተግባቡ።

የምትሠራው በአንድ አነስተኛ የካቶሊክ የባህልና የትምህርት ማዕከል ውስጥ ነው። ማዕከሉ በሀዲያና በከምባታ መንደሮች እየዞረ የሽማግሌዎችን ድምፅ ይቀዳል፤ የእርቁን ሥርዓት፣ የእንሰቱን ዓይነት፣ ማን ከማን እንደተዋለደ፣ የትኛው መሬት በማን ምስክርነት እንደተካለለ። ከበላይ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ «በዕቅዱ መሠረት ስንት በመቶ ሽማግሌ ተቀዳ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዘመኑ ሁሉ ነገር በመቶኛ የሚጠየቅበት ነበርና ገነቴ ሽማግሌውን በመቶኛ አድርጋ ትልካለች፤ ድምፁን ግን በሙሉ አድርጋ ታስቀምጣለች።

የምታስቀምጥበትን ሰርቨር የተከለው ኃይለመለኮት የሚባል የአዲስ አበባ ባለሙያ ነው። ሦስት ወር ተቀምጦ አስተማራትና ሄደ። ማሽኑ መስኮትና ሥዕል የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ነው የሚያነጋግሩት። ሆዱ ውስጥ አራት ዲስኮች አሉ። ኃይለመለኮት የአራቱንም ቦታ አንድ ቋት ውስጥ ከቶ፣ ከቋቱ ላይ ለየወረዳው ክፍል ክፍል አድርጎ አወጣ። ባለሙያዎቹ ቮሊዩም ይሉታል፤ ገነቴ ክፍል ነው የምትለው። አማቷ፣ የፍሬው እናት፣ አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት፣ «የአራት ሴት ቅቤ አንድ ገንቦ ውስጥ ቢገባ የትኛው የማን እንደነበረ ይለያል?» አለቻቸው። አይለይም አሉ። «እኔ ከዚያ ገንቦ ለየቤቱ በልክ እያወጣሁ እሰጣለሁ፤ ለጠበበው እጨምራለሁ፣ ከማይፈልገው እመልሳለሁ።» የቅቤ ዕቁብ የጠጡ ሴት ናቸውና ወዲያው ገባቸው። ከቢሮዋ ሰዎች መካከል እንኳ እንደዚያ የገባው አልነበረም።

ለክፍሎቹ ስም ማውጣቱም የኃይለመለኮት ሥራ ነበር። ከየወረዳው መጀመሪያ በተቀዳው ሽማግሌ ስም እየጠራ በላቲን ፊደል ጻፋቸው። የሆሳዕና አካባቢው ለማ ሆነ፣ የአንጋጫው ሳህሉ ሆነ። ከሶሮ ወረዳ መጀመሪያ የተቀዱት ሽማግሌ ግን የገነቴ አማት፣ የፍሬው አባት፣ አቶ ጠና ነበሩ። ስለዚህ የሶሮው ክፍል ጠና ተባለ። ክፍሉ ሲጠበው ገነቴ ሰፋ ያለ አዲስ ክፍል አዘጋጅታ ጓዙን ወደዚያ አዛወረች፤ ባዶ የቀረውን የፊተኛውን ክፍል ደግሞ ጠና-አሮጌ ብላ ጻፈችው።

ጻፈችው እንጂ አልጠራችውም። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሣም። የገነቴ እናትማ የአማታቸውን ስም የሚመስል ቃል ሁሉ በሌላ ቃል እየለወጡ አርባ ዓመት ኖረዋል። ገነቴ የከተማ ሴት ናት፣ ሱሪ ለብሳ ሞተር ትነዳለች፣ ይህችን ግን አልተወችም። ማንም አላስገደዳትም። ሽማግሌውን ትወዳቸው ነበር፤ አክብሮቷን የምትገልጥበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር። አባባ ትላቸዋለች። በጣቷ ስማቸውን በቀን አሥር ጊዜ ትጽፋለች፤ ጣት አፍ አይደለምና ኅሊናዋ አይወቅሳትም። ይህን የሚተርከው ሰው የሽማግሌው ምራት ስላልሆነ ጠና እያለ ይቀጥላል።

አቶ ጠና በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ ዐረፉ። የሁለተኛው ሙት ዓመት ለእሑድ ተቀጥሮ ገነቴ ሐሙስ ዕለት ጊምቢቹ ወረደች። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ከእሷ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ድምፁን አምጪልን» አሉ። «ፊቱስ በፎቶ አለ። ድምፁ ግን ከጆሮዬ እየሸሸ ነው።»

ገነቴ እሺ አለች። ናስረዲን በፍላሽ ገልብጦ ቅዳሜ በሚኒባስ ይልከዋል ብላ አስባለች። የአቶ ጠና ድምፅ ከዚያ ሰርቨር ሌላ በምድር ላይ የትም አልነበረም። ተለዋጩን ቅጂ የያዘው ዲስክ ባለፈው ክረምት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተቃጥሎ፣ የግዢው ጥያቄ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ሰባት ወር ሆኖታል። ይህን ገነቴና ፋይናንሱ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት፤ የሚያሳስበው ግን እሷን ብቻ ነበር።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአማቷ ጋር ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ሳለ ስልኳ ጠራ። ስትሄድ የቢሮዋን ቁልፍ የተወችለት ናስረዲን ነው።

«ቀጂዎቹ ከአንጋጫ ካርዳቸውን ሞልተው መጥተዋል» አለ። «ልገለብጥላቸው ስል ሳህሉ ሞልቷል ይለኛል። ነገ ደግሞ በባዶ ካርድ መውጣት አለባቸው።»

«ቋቱ ውስጥ የቀረ ቦታ የለም» አለች ገነቴ። ትንሽ አሰበች። «አንድ ባዶ ክፍል አለ። እሱን አጥፋና ቦታውን ለሳህሉ ጨምርለት። ጥቁሩን ስክሪን ክፈትና ዝርዝሩን አውጣ።»

«ወጥቷል።»

ገነቴ ከቦርሳዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ዝርዝሩ በእጅ ጽሕፈቷ አለ፤ ለማ፣ ሳህሉ፣ ጠና፣ ጠና-አሮጌ። መጥፋት ያለበት የመጨረሻው ነው። ግን እንዴት ብላ ትጥራው? ወይዘሮ አበበች በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠዋል። ባይቀመጡስ ትጠራው ነበር? አትጠራውም።

«ከላይ አራተኛውን አጥፋ» አለች።

«አራተኛው... ጠና የሚለውን?»

ትክክለኛው መልስ አጭር ነበር። ጠናን ሳይሆን ጠና-አሮጌን ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ገነቴ ግን ያን መልስ የምትናገርበት አፍ አልነበራትም። ናስረዲን ችኩል ስለሆነ የስሙን ጭራ ውጦት ነው አለች በልቧ።

«አዎ፣ አራተኛውን» አለችው።

«በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል።»

«ይጥፋ በለው።»

«አልኩት፤ ሄደ» አለ ናስረዲን። «ለሳህሉ መጨመሩን ከጁምዓ መልስ አደርገዋለሁ፤ አሁን ሰዓቱ ደርሷል።»

«እሺ። ከዚያ የሶሮውን የመጀመሪያ ቅጂ በፍላሽ አድርግልኝ፤ የአባባ ድምፅ ነው፣ ነገ በሹፌር ትልከዋለህ።»

«ኢንሻአላህ» ብሎ ዘጋ። ገነቴ ስልኳን አስቀምጣ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። በርቀት ሆና ሥራዋን በመጨረሷ ደስ ብሏት ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ስለ እሑዱ እንግዳ አወሩ፣ ስለ ጎረቤት ላም አወሩ። ወይዘሮ አበበች ምራታቸውን ማጫወት ይወዳሉ።

«የእናንተስ አገር ሰው መቀዳት ጀመረ?» አሉ።

«ረቡዕ ጀመርን፣ እማዬ። ከዳምቦያ መጀመሪያ የተቀዱት ሴት ናቸው፤ ወይዘሮ አስናቀች ይባላሉ። የክፍላቸውን ስም ራሴ ነኝ ያወጣሁት።»

«ሴት መጀመሪያ ሆነች?» አሉ ወይዘሮ አበበች ደስ ብሏቸው።

«አዎ፣ ከለማም ከሳህሉም በላይ...» ብላ ገነቴ ንግግሯን አቋረጠች።

ማሽኑ ስሞቹን የሚደረድረው በላቲን ፊደል ተራ ነው። አስናቀች በመጀመሪያው ፊደል ስለምትጀምር ከሁሉ በላይ ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ መስመር ወርደዋል። ገነቴ ደብተሯን እንደገና ገለጠች። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቀን ሰኞ ነው። ክፍሉን የከፈተችው ረቡዕ ነው። የላጠችውን ሽንኩርት እየደረደረች ቆጠረች፤ አስናቀች፣ ለማ፣ ሳህሉ። አራተኛውን አስቀመጠችና ስሙን በልቧ እንኳ ሳትጠራው ተነሣች።

 የአባባን ስም ላለመጥራት ብላ ድምፃቸውን አጠፋችው። ከእሳቸው ጋር የሌሎች የሶሮ ሽማግሌዎች ድምፅ ሁሉ አለ፣ ከእነሱም ግማሹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እውነቱ ግን ያን ሰዓት ስለ ሌሎቹ አላሰበችም። ፊቷ ያሉትን ሴት ብቻ ነበር የምታየው።

ናስረዲን ዘንድ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። መስጊድ ገብቷል። እሱ ከመስጊድ ሲወጣ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ነበር የሚያስፈራት። አንድ ክፍል ሲጠፋ ጓዙ ወዲያው አይጠፋም። የሚጠፋው ክፍሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ የተጻፈበት ወሰን ነው፤ ድምፁ እዚያው በቦታው ተኝቷል። ቦታው ለሌላ ከተሰጠና አዲስ ባለቤት ከገባበት ግን ያለቀለት ነው። ናስረዲን ደግሞ ከጁምዓ መልስ ቦታውን ለሳህሉ ሊሰጥ ነው።

ገነቴ ለናስረዲን ሚስት ለሃቢባ ደወለችላት። ከማዕከሉ ፊት ለፊት ያለውን የባሏን ሱቅ የምትጠብቀው እሷ ናት።

«ሃቢባዬ፣ የቢሮዬ ቁልፍ የት ነው ያለው?»

«መሳቢያ ውስጥ ጥሎት ሄዷል። ምነው ድምፅሽ?»

«አውጪውና ያዢልኝ። እኔ እስክመጣ ለማንም አትስጪ።»

«ለማንም?»

«በተለይ ለባልሽ።»

ሃቢባ ሳቀች፤ ባሏን ለመከልከል ምክንያት አግኝታ የምታባክን ሴት አይደለችም። «አደራሽን ተቀብያለሁ» አለች።

ለወይዘሮ አበበች የሥራ ጉዳይ ነው፣ እመለሳለሁ አለቻቸው። አሮጊቷ ፊቷን አይተው ነጠላዋን አቀበሏት። ገነቴ መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ካልሞላ ደግሞ አይነቃነቅም። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ቆጠረች። አንድ ሽማግሌ በጉን ይዞ ልግባ አልግባ እያለ ከሹፌሩ ጋር ተከራከረ። በጉ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን ገነቴ ትስቅ ነበር።

መንገድ ላይ ያን ቅጂ የቀዳችበትን ቀን አስታወሰች። የመጀመሪያው ጉዟቸው ነበር፤ መቅጃው እየጠፋ አስቸግሯታል። ደንቡ ቀጂው መጀመሪያ የሽማግሌውን ስም ጠርቶ እንዲጀምር ነው። እሷ ዝም ስትል አቶ ጠና አዩዋት፤ ገባቸውና ራሳቸው ስማቸውን ተናገሩላት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉ ግን አላስታወሰችም፤ ከመቅጃው ጋር ትታገል ነበር። በደንብ አልሰማሁም፣ በኋላ እሰማዋለሁ ብላ ነበር። በኋላ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው፤ ሳይሰሙት ሁለት ዓመት ያልፋል።

ሆሳዕና ስትደርስ ባጃጅ ይዛ ማዕከሉ ጋ ወረደች። ናስረዲን ከሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ሃቢባ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቁልፉ እጇ ውስጥ ነው።

«ሚስቴን ምን ብለሽ ነው ያስነሣሽብኝ?» አለ ናስረዲን። «ቢሮ ልግባ ብላት የሱቁንም ቁልፍ ጨምራ ቀማችኝ።»

«ምንም አልነካህም?»

«በምኔ ልንካ?»

ገነቴ ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።  የሆነውን ነገረችው። ለናስረዲን የሀዲያ ልማድ ተወልዶ ያደገበት ነውና ነገሩ እስኪገባው አልቆየም። ጨዋታው ሁሉ ከፊቱ ጠፋ።

«እኔ ነኛ ያጠፋሁት» አለ።

«አይደለም። አንተማ ጠይቀኸኛል። እኔ ነኝ ያልመለስኩልህ።»

ሦስቱም ገቡ። ገነቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ጥቁሩን ስክሪን ከፈተች። ዝርዝሩን አወጣች፤ አስናቀች፣ ለማ፣ ሳህሉ፣ ጠና-አሮጌ። ስሙ አለ፤ የስሙ ባለቤት ግን የለም። ባዶው ቤት ቆሞ ሙሉው ቤት ፈርሷል።

ኃይለመለኮት ሊሄድ ሲል የነገራት አንድ ነገር ነበር። «ይህ ማሽን ተጠራጣሪ ነው» ብሏት ነበር። «የክፍሎቹን ወሰን የሚለውጥ ትእዛዝ በሰጠሽው ቁጥር፣ ከመፈጸሙ በፊት የነበረውን ወሰን ጽፎ ያስቀምጣል። አንድ ቀን ትፈልጊዋለሽ።» ገነቴ ያን ቃል ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፋው ነበር፣ ትእዛዙንም ከነአጻጻፉ። ገለጠችና ፊደል በፊደል እያየች ጻፈች። ማሽኑ ያስቀመጣቸውን ማስታወሻዎች በቀናቸው ዘረዘረላት። የመጨረሻው የዛሬ ነው። «ጠና ከመጥፋቱ በፊት» የሚል ነገር በራሱ ቋንቋ ጽፎበታል።

«በዚህኛው መልሰው ልለው ነው» አለች። «እስቲ ከእኔ ጋር እዩልኝ፤ ቀኑን አንብብልኝ።»

ናስረዲን ቀኑን አነበበ፣ ሰዓቱን አነበበ። ሃቢባም ማንበብ አይከለከልምና እሷም አነበበች። ሁለተኛ ጊዜ አነበቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያን ቀን አንድ ጊዜ ፈስሷልና ማንም አልቸኮለም። ከዚያ ገነቴ ትእዛዙን ለቀቀችው።

ማሽኑ አንድ መስመር መለሰ። ወሰኑ ተመልሷል አለ። ዝርዝሩን አወጣች፤ ጠና በአራተኛው መስመር ላይ ተቀምጧል። ወሰን መመለሱ ግን ጓዙ ደኅና ነው ማለት አይደለምና ክፍሉን አስነሣችው፣ ከፈተችው፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ነካችው። ትንሽ ሹክሹክታ ተሰማ፣ ዶሮ ተሰማ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ያ ጉሮሮ መጥረግ በቃት። እዚያው ላይ አስቆመችውና አለቀሰች፣ ሃቢባ ጀርባዋን እየዳበሰቻት።

«ለዛሬ ምንም አንነካም» አለች ፊቷን ጠርጋ። «የአንጋጫውን ወደ ላፕቶፕህ ገልብጥና ካርዶቹን ባዶ አድርገህ ስጣቸው። ሌላውን ሰኞ እናየዋለን።»

የአባባን ድምፅ በሁለት ፍላሽ ቀዳች። አንዱን ለሃቢባ በአደራ ሰጠች፣ ሌላውን በቦርሳ አላምነውም ብላ በእጇ ጨብጣ ቅዳሜ ጠዋት ጊምቢቹ ተመለሰች።

መናገር ነበረባት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ግን እሑድ ያ ድምፅ ሲሰማ ከእኚያ ሴት ጎን የምትቀመጠው እሷ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ወይዘሮ አበበች ለእንግዳው ቆጮ ሲያሹ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙ።

«ልጠራው አልቻልኩም፣ እማዬ» አለች ገነቴ። «አንዲት ቃል ነበረች።»



«እኔም አልጠራሁትም» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ሚስትም የባሏን ስም አታነሣም፤ አርባ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ሲሞት ሴቱ ሁሉ ስሙን እየጠራ ሲያለቅስ፣ እኔ የፍሬው አባት፣ የፍሬው አባት እያልኩ ቀረሁ። የራሴ ሬሳ ነው፣ በስሙ ያልጠራሁት እኔ ብቻ።» ከዚያ ቆጮውን ገልበጥ አደረጉት። «ነገ እንስማው። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሞላ። ፍሬው ከትምህርት ቤት የተዋሰውን ድምፅ ማጉያ ሰካ፣ ገነቴ ፍላሹን አስገባች። ዶሮው ተሰማ፣ ጉሮሮው ተጠረገ፣ ሰውም ጸጥ አለ። ከዚያ አቶ ጠና በሀዲይኛ ተናገሩ። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው ያሉት፦

«እንጀምር? ይቺ ልጅ ስሜን ልትጠራ ይገባት ነበር፣ ግን ምራቴ ናት፣ አትጠራኝም። ጨዋ ናት። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ። ጠና እባላለሁ። ልጄ፣ እዚያ ማሽን ውስጥ ብጠፋብሽ በዚህ ጥሪኝ፤ አልቆጣም።»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ድሮም በጨዋታ የታወቁ ናቸው፤ ቀጥለው ስለ ዱሮ እርቅ ሲያወሩ ሁሉም በጽሞና ያዳምጥ ጀመር። ገነቴ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አንድም አልሰማችም። ወይዘሮ አበበች እጃቸውን ልከው እጇን ያዙ።

«ሰማሽው?» አሉ።

«ሰማሁ።»

«እሱ ፈቅዷል፣ እኔ ማነኝ?» አሉ። «በሥራሽ ላይ ጥሪው።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የሚውለው ግን የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው።

ሰኞ ጠዋት ገነቴ ገና ጊምቢቹ ሳለች ናስረዲን ደወለ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ዓርቡ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ከእንግዳ የተረፈውን ሽንኩርት እየለዩ።

«ላፕቶፔ በአንጋጫ ሽማግሌዎች ታንቋል» አለ። «ቢሮሽ ገብቻለሁ፣ ዝርዝሩም ወጥቷል። እህሳ፣ ከላይ ስንተኛውን?»

ገነቴ ደብተሯን አልፈለገችም። አማቷን አየች፤ አሮጊቷ ሽንኩርታቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው።

«አትቁጠር» አለች። «በስሙ ጥራው። ጠና-አሮጌ ይላል፤ እሱን አጥፋ።»

በወዲያኛው ጫፍ ናስረዲን ወንበሩን ሲስብ ተሰማት።

«ጠናን ግን እንዳትነካብኝ» አለች ገነቴ።

«አልነካም» አለ ቀስ ብሎ። ሲጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማት። «ጠና-አሮጌ ሄደ። ጠና በቦታው አለ።»

ስልኩን ዘጋች። ወይዘሮ አበበች አንዱን ሽንኩርት በጣታቸው መካከል እያገላበጡ ቆዩ።

«ጠና» አሉ፣ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ቀስ ብለው። ትንሽ ጠበቁና ደገሙት። «ጠና።»

ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ሽንኩርቱ ነው አሉ።